ኤሌክትሪክ መኪና ልንገዛ ነው፤ ከኢንሹራንሱ ጋር አብራችሁ አማክሩን (ኮዬ ፈጬ)

ኮዬ_ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሁለታችንም ሥራ ሜክሲኮ አካባቢ ስለሆነ ጠዋት አብረን ወጥተን ማታ አብረን እንገባለን። የልጆቹን ትምህርት ቤት ስንጨምር ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር አያንስም። እስከ ዛሬ የያዝናት ቪትዝ ናት። አላስከፋችንም፤ ግን ቤንዚን በሊትር ከ120 ብር ካለፈ ወዲህ የነዳጁ ወጪ ከቤት አስቤዛ ጋር እየተሻማ ነው። ማደያ ተሰልፈን የምናጠፋውን ጊዜ ሳልቆጥር ማለት ነው።

ስለዚህ ቪትዟን ሸጠን፣ እቁቡን አውጥተን፣ የቀረውን ከባንክ ተበድረን ኤሌክትሪክ ልንገዛ ተስማምተናል። ዓይናችን ያረፈው ቢዋይዲ ሲጋል ላይ ነው፤ ባትሪዋ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘው። ስለ መኪናዋ ብዙ ሰው አነጋግረናል። ያልጠራልኝ የኢንሹራንሱ ነገር ነው። ሁለት ቦታ ጠይቄ ሁለት የተለያየ መልስ አገኘሁ። አንዱ ጋ ባትሪው በዋስትናው ውስጥ አለ አሉኝ። ሌላው ጋ አጣርተን እንደውላለን ብለው እስካሁን አልደወሉም። ባትሪው ለብቻው የመኪናውን ዋጋ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል እየተባለ፣ እሱ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ ሳላገኝ ይህን ሁሉ ብር ማውጣት ከበደኝ።

ኤሌክትሪክ የያዛችሁ፣ በተለይ በእኛ አቅጣጫ የምትኖሩ፣ ምን ዓይነት ዋስትና ገባችሁ? ውሉ ላይ ምን ልፈልግ? ሦስተኛ ወገን ብቻ ይበቃል የሚሉኝም አሉ።

ገላን_ሹፌር

እህቴ እንኳን ወሰናችሁ። እኔ ሜትር ታክሲ የምሠራው በኤሌክትሪክ ነው፣ ገላን ነው የማድረው። ማደያ ሰልፍ የሚባል ነገር ረስቻለሁ።

መኪናዋን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርሽ። ፋብሪካው የሚጽፈው ኪሎ ሜትር የቻይና መለኪያ ነው፤ ሲጋል 405 ቢልሽም 405 ብለሽ አታስቢ። በእኛ መንገድ፣ በእኛ ዳገት፣ ሰው ጭነሽ ከዚያ በደንብ ይቀንሳል። አዳማ ስሄድ ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ መንገዱ ወደ ታች ስለሆነ ባትሪው ብዙም አይነካም፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ራሱ መልሶ ይሞላል። ስመለስ ግን አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት፤ ያንን ሁሉ ሽቅብ ነው የምወጣው። ሲሄድ የበላውን አይቶ ለመመለስ ያሰበ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ለእናንተ ግን ለ50 ኪሎ ሜትር ከበቂ በላይ ናት፣ አትጨነቁ።

ደግሞ ዳገት ላይ ጉልበቷን ስታዪ ትገረሚያለሽ። የቤንዚን ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል፤ ቪትዟ እንጦጦ ስትወጣ የምትቃትተው ለዚህ ነው። ኤሌክትሪኩ አየር አያስፈልገውም።

ኢንሹራንሱን ለሚያውቁት ልተወው። ሦስተኛ ወገን ብቻ ግን በጭራሽ።

ጋሽ_ጣፎ

ልጆቼ፣ እኔ ለገጣፎ ጋራዥ አለኝ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቶዮታ ስፈታ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ቴክኖሎጂውን አልጠላም። የሚያሳስበኝ መለዋወጫው ነው። የኮሮላ መብራት ቢሰበር ሶማሌ ተራ ወርጄ በሰዓት ውስጥ አዲሱንም ያገለገለውንም አገኛለሁ። የእነዚህ መኪኖች የፊት መብራት ሲሰበር ከቻይና ይምጣ ተብሎ ወር ሲጠበቅ ዓይኔ አይቷል። እኔ ግቢ ውስጥ አሁን አንዷ ቆማለች። ሞተሯም ባትሪዋም ደህና ነው፤ ኮፈኗን የሚዘጋው ቁልፍና ሁለቱ የፊት መብራቶች ብቻ ጠፍተው ቆመች። ባለቤቱ ሥራውን በኮንትራት ታክሲ እየተመላለሰ ነው። ኢንሹራንሱ እቃውን ይከፍላል፤ የታክሲውን አይከፍልም።

ይሄንን ሳይነግሩ «ግዙ ግዙ» ማለት ትክክል አይመስለኝም።

ኮዬ_ነዋሪ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ እንዲህ ዓይነቱን ነው መስማት የምፈልገው። ታዲያ ምን ይምከሩኛል? ጭራሽ ይቅርብን ወይስ ሌላ ሞዴል?

ጋሽ_ጣፎ

ይቅርባችሁ አልልም። በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ በጥር 2016 መንግሥት አስታውቋል፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። የምልሽ፦ መንገድ ላይ በብዛት የሚታየውን ሞዴል ግዢ። ብዙ ሰው የያዘው መኪና እቃው ይመጣል፣ ያገለገለውም ይገኛል፣ ባለሙያውም ይለምደዋል። ሲጋል እየበዛች ስለሆነ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ብርቅ ነገር ፈልጎ ማንም ያልያዘውን ያመጣ ሰው ነው የሚቸገረው። ሻጩንም «የጎን በርና የፊት መብራት መጋዘን አላችሁ ወይ? አሳዩኝ» በይው። በአፉ ሳይሆን በዓይንሽ እዪ።

የመድን_ልጅ

ሰላም። ኢንሹራንስ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የሞተር ክፍል። የድርጅቴን ስም አልጠራም፤ እዚህ የመጣሁት ለማሻሻጥ አይደለም። ይህን ጥያቄ በየቀኑ ስለምንጠየቅ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

ከሦስተኛ ወገን ልጀምር። ይሄ ግዴታ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ያለ እሱ መንገድ ላይ መውጣት አይቻልም። የሚሸፍነው አንቺ በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ የምታደርሽውን ጉዳት እስከ ተወሰነ ጣሪያ ነው። የራስሽ መኪና ሙሉ በሙሉ ብትወድም ከሦስተኛ ወገን አንድ ብር አታገኚም። ጣሪያውም ቢሆን የዛሬ መኪና ዋጋን ያህል አይደለም፤ ውድ መኪና ብትገጪ ከጣሪያው በላይ ያለውን ከኪስሽ ነው። ስለዚህ ለአዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ሙሉ ዋስትና ነው የሚያስፈልገው። ባንክ ካበደራችሁ ደግሞ ምርጫ የላችሁም፣ ባንኩ ራሱ ያስገባችኋል፤ ካሳውም መጀመሪያ ለእሱ ይከፈላል።

አሁን ወደ ባትሪው። ሙሉ ዋስትና የሚሸፍነው ድንገተኛ አደጋን ነው፤ ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳት፣ ስርቆት። ባትሪው በእነዚህ ምክንያቶች ከተጎዳ እንደማንኛውም የመኪናው አካል ይታያል። ባትሪው በዕድሜ ብዛት አቅሙ ቢቀንስ፣ ወይም ራሱ በውስጡ ቢበላሽ ግን የኢንሹራንስ ጉዳይ አይደለም፤ የፋብሪካ ዋራንቲ ጉዳይ ነው። በደላላ የመጣ መኪና ደግሞ እዚህ አገር የፋብሪካው ዋራንቲ አብሮት ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ «ባትሪው ይካተታል ወይ?» ብለሽ ብቻ ስትጠይቂ አንዱ አዎ፣ ሌላው እንጃ ቢልሽ አይገርምም። ጥያቄውን ቆርሰሽ አቅርቢ፦ ባትሪው ከሥር በድንጋይ ቢመታ ይሸፈናል? የተመታውን አውጥታችሁ አዲስ ስትተኩ የእርጅና ተቀናሽ አለ? ካለ በዓመት ስንት በመቶ? ቤት የሚቀመጠው ቻርጀርና ገመዱስ? ውኃ ቢገባበትስ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ። በውሉ ተጨማሪ ገጽ ላይ «ባትሪና ቻርጀር» የሚል ቃል ካለ በኋላ ላይ ክርክር አይኖርም።

ሌላው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ፣ የመድን ገቢው መጠን ነው፤ ማለትም ውሉ ላይ የመኪናው ዋጋ ተብሎ የሚመዘገበው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ተሻገረ። የመኪና ዋጋ ተከትሎ ወጣ። ብዙ ደንበኛ ግን ውሉን ሲያድስ የድሮውን ዋጋ እንዳለ ያስቀጥላል፣ አረቦኑ (ለመድኑ የሚከፍለው) እንዳይጨምርበት። ይህ ምን ያመጣል? መኪናው ዛሬ 3,000,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ 2,000,000 ብቻ ከተመዘገበ፣ ዋስትና የተገባለት ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። 600,000 ብር የሚያስወጣ አደጋ ሲደርስ የሚከፈለው 600,000 አይደለም፤ 400,000 ነው፣ ከዚያም ላይ ውሉ ላይ ያለው የመጀመሪያ ተቀናሽ፣ ማለትም ባለ መኪናው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ፣ ይነሳል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ተታለልን ብለው ያለቅሳሉ። ውሉ ላይ ግን ከመጀመሪያው ተጽፏል። ሲገቡም ሲያድሱም የዕለቱን የገበያ ዋጋ ማስመዝገብ ነው።

የመጨረሻው፣ ቮልቴጅ። መደበኛው የሞተር ውል የኤሌክትሪክና የሜካኒክ ብልሽትን አይሸፍንም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍ ያለ ኃይል መጥቶ መኪናው ውስጥ ያለውን ቻርጀር ቢያቃጥለው፣ ያ በአብዛኛው ውድቅ የሚሆን ጥያቄ ነው። ይህን ኢንሹራንስ አይፈታውም፤ ቤት ውስጥ ያለው ሽቦ ነው የሚፈታው። ኤሌክትሪሻን ካለ እዚህ ላይ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

ሽቦ_አዋቂ_ሰበታ

አለሁ። ሰበታና ዓለም ገና አካባቢ ለመኪና ቻርጀር መስመር የምዘረጋ ሰው ነኝ።

ከሁሉ በፊት አርዝ፣ ማለትም ከመሬት ጋር የሚያገናኘው መስመር። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር አርዝ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። ያኔ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ኒውትራሉን ከአርዙ ጋር አገናኝተው ቻርጀሩን ያታልሉታል። እባካችሁ፣ ይህን ያደረገላችሁን ሰው ከቤታችሁ አስወጡት። ኒውትራሉ ከተበጠሰ የመኪናው አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ልጅ በር ሊከፍት ሲነካው ይመታዋል። ትክክለኛው የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ በመሣሪያ ለክቶ ማገናኘት ነው።

ሁለተኛ፣ ኤክስቴንሽን የለም። ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት የወረደ ኤክስቴንሽን ላይ መኪና ሞልተው የሚያድሩ አይቻለሁ። ሶኬቱን ስነቅለው ፕላስቲኩ ቀልጦ ፒኑ ላይ ተጣብቋል፤ አንዱ እግር ጠቁሮ ሌላው ደህና ነው፣ ገመዱም እንደተጠቀለለ ስለነበር መሃሉ ለስልሶ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ለ16 አምፔር ለብቻው ከቆጣሪ የተነሳ መስመር፣ ቢያንስ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ገመድ፣ ርቀቱ ከረዘመ 4 ካሬ፣ የራሱ ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር፣ ከእሱ በፊት ደግሞ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ። ይሄ የመጨረሻው ነው የመድን ልጅ ላነሳው ጉዳይ መልሱ፤ ኃይሉ ከወሰን ሲወጣ ይቆርጠዋል፣ ሲስተካከል ከተወሰኑ ደቂቃዎች በኋላ ይመልሰዋል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ባለ 7 ኪሎ ዋት የምትፈልጉ 32 አምፔር ነው የሚጠይቀው፣ ገመዱም 6 ካሬ ይሆናል። የኮንዶሚኒየም ቆጣሪ ምጣዱም ምድጃውም ሲበራ ያንን አይችልም። ለእህታችን ግን አያስፈልጋትም። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ማለት ሰባት ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ በትንሹ ቻርጀር ሦስት ሰዓት አይሞላም። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ መስመሩም ይረጋጋል።

ኮዬ_ነዋሪ

አርዝ የሚባለውን አሁን ነው በደንብ የገባኝ። የእኛ ፎቅ ሁለተኛ ነው፣ መኪና የሚቆመው ደግሞ ከብሎኩ ጀርባ። መስመሩን እስከዚያ ማውረድ ይፈቀዳል?

ሽቦ_አዋቂ_ሰበታ

ቦታው የጋራ ስለሆነ የብሎኩን ማኅበር በጽሑፍ አስፈቅዱ። ገመዱ ከራሳችሁ ቆጣሪ ተነስቶ በቱቦ ውስጥ በግድግዳው ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ ዝናብ የማያስገባ ቁልፍ ያለው ሳጥን ይደረጋል። ጎረቤቶቻችሁ የጋራውን መብራት እንደማትጠቀሙ በዓይናቸው ካዩ አይከለክሏችሁም። ነገ እነሱም ይፈልጉታል።

ሰንዳፋ_መምህር

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሁሉም ስለ ብር እያወራ ስለሆነ ስለ አየሩ እኔ ልናገር፤ መኪናው «ለአካባቢ ተስማሚ» የተባለበት ምክንያት እንዳይረሳ።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በመቶ ኪሎ ሜትር ሰባት ሊትር የምትጠጣ መኪና በየመቶ ኪሎ ሜትሩ 16 ኪሎ ግራም ትለቃለች ማለት ነው። ኤሌክትሪክ መኪናስ? ይህ የሚወሰነው ኃይሉ ከየት እንደመጣ ነው። ከድንጋይ ከሰል ኃይል የሚያመነጭ አገር ውስጥ ጭሱ ከመኪናው ጭራ ወደ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ነው የሚዛወረው። እኛ ጋ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ነው፤ የቀረውም በአብዛኛው ከነፋስ። ወደ አዳማ ስትወርዱ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት ነጫጭ ተርባይኖች፣ የአዳማ አንድና ሁለት፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ናቸው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዓለም ላይ ኤሌክትሪክ መኪና መንዳት እንደ ኢትዮጵያ ንጹሕ የሚሆንባቸው አገሮች ጥቂት ናቸው። ባትሪውን ለማምረት የወጣው ጭስ አለ፣ አልክድም፤ ግን እንዲህ ባለ ኃይል ላይ ሲነዳ ቶሎ ይካካሳል።

ከካርቦኑ ይልቅ ለእኔ የሚቀርበኝ ግን የተማሪዎቼ ሳንባ ነው። ትምህርት ቤታችን ዋናው መንገድ ዳር ነው። የጭነት መኪኖች ዳገቱን ሲወጡ የሚለቁት ጥቁር ጭስ በመስኮት ይገባል፤ ጠዋት ሰሌዳውን በነጭ ጨርቅ ስጠርግ ጨርቁ ላይ ከኖራው ጋር ጥላሸት ይወጣል። አንድ ቤተሰብ ቪትዙን በኤሌክትሪክ ቢተካ ያንን አይለውጠውም፤ ብዙ ሰው ሲተካ፣ አውቶቡሱና ጭነቱ ሲከተል ግን ይለወጣል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲሄድ ድምፅ የለውም። በእኛ ዳር ዳር ሰፈሮች ደግሞ የእግረኛ መንገድ የለም፤ ሕፃናት፣ አዛውንት፣ አህያና ከብት አስፋልቱን ከመኪና ጋር ነው የሚጋሩት፤ ሰውም የሚሸሸው ሰምቶ ነው። ፋብሪካው በዝግታ ጊዜ የሚሰማ ድምፅ ይገጥምበታል። ያንን ድምፅ የሚያጠፉ ሰዎች አሉ። አታጥፉት።

የመድን_ልጅ

መምህር፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ከሥራዬ አንጻር ልጨምርበት፦ የፋብሪካ የደህንነት መሣሪያ አውቆ ያጠፋ ሰው አደጋ ሲደርስ ራሱን ለከባድ ጥያቄ ያጋልጣል። የሰው ሕይወት በገንዘብ አይመለስም።

ጀሞ_እናት

ሂሳቡን ማንም ስላልሠራው እኔ ልሥራላችሁ፤ እኛ ቤት የገዛነው እንዲህ አስልተን ነው። በወር 1,200 ኪሎ ሜትር እንበል። ቪትዝ በመቶ ኪሎ ሜትር ሰባት ሊትር ብትጠጣ 84 ሊትር ነው፤ ሊትሩን 120 ብር ብቻ ብናስበው 10,080 ብር። ኤሌክትሪኩ ሲሞላ የሚባክነውን ጨምሮ በመቶ ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ 180 ይሆናል። የመብራት ታሪፉ በየጊዜው እየጨመረ ስለሆነ፣ ብዙ ሲጠቀሙም ወደ ላይኛው እርከን ስለሚገባ፣ ለጥንቃቄ አንዱን 10 ብር እናስበው፤ 1,800 ብር። ልዩነቱ በወር ከ8,000 ብር በላይ፣ በዓመት ወደ 100,000 ብር ይጠጋል። የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ የሚባል የለም፤ ጎማ ግን መኪናው ከባድ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ለእሱ ያዙለት።

እኛ ቤት ያ 100,000 ብር የኢንሹራንስ ብር ነው ተብሎ ነው የሚቀመጠው። አረቦኑን ከዚያ እንከፍላለን፤ የተረፈው ከካሳ ላይ ለሚቀነሰው ድርሻችን መጠባበቂያ ይሆናል። ከነዳጅ የተረፈውን ብር እንደ ትርፍ ቆጥሮ በልቶ፣ መኪናዋን በሦስተኛ ወገን ብቻ የሚነዳ ሰው ምን እንዳተረፈ አይገባኝም። አንድ ድንጋይ ሁሉንም ይወስደዋል።

ገላን_ሹፌር

ስለ ድንጋይ ካነሳሽ፣ ልክ ነሽ። ባትሪው ከሥር፣ ወለሉን በሙሉ ይዞ ነው የተዘረጋው። ከኮዬ ውስጥ ለውስጥ ወጥተሽ ኮብልስቶኑ የተነሳበት ላይ ስትገቢ፣ ወይም ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋይና ገረጋንቲ መንገዱ ላይ ሲያፈስ፣ መሃል ለመሃል አትለፊበት፤ ጎማውን ከፍታው ላይ አውጪው። የጓደኛዬን መኪና ክሪክ ላይ አንስተን ስናይ ከሥር ያለው ሽፋን ላይ ከፊት ወደ ኋላ የተሰነጠረ ጭረት አለ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቷል። መኪናዋ ግን ትነዳለች፣ ምንም መብራት አልበራም። እሱ ምንም አልሆነችም ብሎ ሊተወው ነበር፤ ለምነን አሳየነው።

የመድን_ልጅ

ጥሩ አደረጋችሁ። ከሥር የተመታ ባትሪ በዕለቱ ደህና መስሎ ቆይቶ ከጊዜ በኋላ ሊበላሽ፣ እርጥበት ሊያስገባ፣ ሊሞቅም ይችላል። ያኔ «መቼ ተመታ? ለምን አላሳወቁም?» ነው ጥያቄው። ስለዚህ ከሥር ድምፅ ከሰማችሁ ቆማችሁ እዩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ለመድን ድርጅታችሁ ቶሎ በጽሑፍ አሳውቁ። ሽፋኑ ከገባ፣ ሽታ ወይም ጭስ ካለ ደግሞ አትንዱት፤ በተሸካሚ መኪና ይነሳ፤ አራቱም ጎማ ሳይነካ ማለቴ ነው።

ስለ እሳት በግል መልእክት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። የሲጋል ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከኒኬልና ኮባልት ከሚሠራው ይልቅ ሙቀት ይችላል። አይቃጠልም ማለት ግን አይደለም። የባትሪ እሳት ጠፋ ሲባል ተመልሶ ሊነሳ ስለሚችል ራቁና እሳት አደጋ ጥሩ።

ውኃን በተመለከተ፦ የባትሪው ሳጥን ላይ አይፒ 67 የሚል ካያችሁ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ተፈትኗል ማለት ነው። አዲስ የሆነና ያልተመታ ሳጥን ነው የተፈተነው። አቃቂ በክረምት ሲሞላ ጎርፍ ውስጥ ለመግባት ፈቃድ አድርጋችሁ አትውሰዱት። የጎርፍ ሽፋን በውላችሁ መኖሩን ከሰኔ በፊት አረጋግጡ።

ገላን_ሹፌር፣ ላንተም ላስታውስህ፦ ውልህ ላይ የአገልግሎቱ ዓይነት ምን ተብሎ ነው የተጻፈው? የግል ተብሎ አረቦን ተከፍሎበት በክፍያ ሰው የጫነ መኪና ካሳ ሊከለከል ይችላል።

ገላን_ሹፌር

የንግድ ተብሎ ነው። አረቦኑ ከፍ ይላል፣ ግን አውቄ ነው የገባሁት። እኔ ዕለት ዕለት የማላውቃቸውን ሰዎች ነው የምጭነው፤ የተሳፋሪውንም ጨምሬያለሁ።

ጋሽ_ጣፎ

የመድን ልጅ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። እኛ ጋራዥ ባለቤቶች ፕሮፎርማ ስጡ ስንባል ለእነዚህ መኪኖች የእቃ ዋጋ አናውቅም፤ ገምተን እንጽፋለን፤ እናንተ ዝቅተኛውን ትመርጣላችሁ፤ ሥራው ሙያው የሌለው ሰው እጅ ይገባል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትን ነገር ያልሠለጠነ ልጅ ሲፈታው አንድ ቀን ሰው ይሞታል። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ገመድ ሲያዩ የሚደነግጡ ልጆች አሉኝ፤ መደንገጣቸው ጥሩ ነው፣ ግን ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል።

የመድን_ልጅ

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ከውስጥ ሆኜም ይህንኑ ነው የምናገረው። ደንበኛ ሊያደርገው የሚችለው አለ፦ ውሉን ሲገባ «ኤሌክትሪክ መኪና የሚጠገነው የትኞቹ ጋራዦች ጋ ነው?» ብሎ ዝርዝሩን ይጠይቅ። ዝርዝር የሌለው ድርጅት አረቦኑ ቢረክስም ያስብበት። እርስዎ ደግሞ ልጆቹን ቢያሠለጥኑ ሥራው በሙሉ ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው፤ በለገጣፎ፣ በየካ አባዶና በአያት በኩል ያለው ሰው መሄጃ አጥቷል።

ጋሽ_ጣፎ

ሁለቱን ልጆች ልልካቸው አስቤያለሁ። ይሄ ንግግር ገፋፍቶኛል።

ኮዬ_ነዋሪ

ከሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። እንደመከራችሁኝ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ በወረቀት ጽፌ ሦስት ቦታ አስገባሁ። ሁለቱ በጽሑፍ መለሱልኝ። አንደኛው ባትሪውንና ቻርጀሩን በስም ጠርቶ አካቷል፣ የእርጅና ተቀናሹንም በዓመት በዓመት ዘርዝሯል፤ አረቦኑ ከሌላው ይበልጣል። ባለቤቴ መጀመሪያ ርካሹን ብሎ ነበር፤ የጀሞ_እናትን ሂሳብ ሳሳየው ልዩነቱ ከሁለት ወር የነዳጅ ወጪ እንደማይበልጥ ራሱ አስልቶ ተስማማ። የብሎካችን ማኅበርም ፈቅዷል፤ መስመሩ ቅዳሜ ይዘረጋል። መኪናዋን የምንረከበው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዋስትናው ከርክክቡ ሰዓት ጀምሮ እንዲሆን አስጽፌያለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ በቪትዟ ለዓመታት አደጋ ስላላደረስን ቅናሽ ነበረን። አዲሷ ላይ ይሠራል ወይስ ከዜሮ ነው የምንጀምረው?

የመድን_ልጅ

ቅናሹ የሚሰጠው ለባለ መድኑ ስለሆነ በአብዛኛው ይዛወራል። ድርጅት ከቀየራችሁ ከድሮው ድርጅት ካሳ ያልጠየቃችሁባቸውን ዓመታት የሚገልጽ ደብዳቤ ውሰዱ። ቪትዟ ስመ ሀብቷ ሲዛወር ማስረጃውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ውሉን አቋርጡ፤ የቀረው ጊዜ አረቦን በውሉ መሠረት ይታሰብላችኋል። ደብዳቤው ላይ ማኅተምና የውል ቁጥሩ መኖሩን አይታችሁ ውጡ፤ ያለዚያ ይመልሷችኋል።